እሜቴን ማን አበላት?

መጀመሪያ ያየችው ተንበርክኮ ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መሃል፣ ደረጃው ላይ፣ ነጭ የሥራ ልብስ የለበሰ ረጅም ሰው ጉልበቱን መሬት አስነክቶ እጁን ዘርግቷል። መዳፉ ላይ የሆነ ነገር አለ። ፊት ለፊቱ ደግሞ የእሷ ድመት፣ እሜቴ፣ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ታሸታለች።

«ምን እየሰጧት ነው?»

ሰውየው ደንግጦ ብድግ ሲል ጭንቅላቱ ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር ተጋጨ።

«ኧረ ምንም... የተቀቀለ ዶሮ ናት። ጨው እንኳ አልነካትም።»

«ድመቷ ባለቤት አላት።»

«ያስታውቃል። ኩራቷ ነው የሚናገረው።» ግንባሩን እያሸ ፈገግ አለ። «ስሟ ማነው?»

«እሜቴ።»

«የእርስዎስ?»

«የእኔን ምን ያደርግልዎታል? ዶሮ ሊሰጡኝ ነው?»

ድመቷን በአንድ እጇ ብድግ አድርጋ ወደ ቤቷ ገባች። በሩን ከዘጋች በኋላ ግን ፊቷ ላይ ፈገግታ እንዳለ ታወቃትና በራሷ ተናደደች።

ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ አፏም ስለሚወጋ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። የፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናዋ፣ የጨርቅ ክምሯና የደንበኞቿ ነው። የኋለኛው የአባቷ ነው። አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድቶ ዶሮ እንኳ ሳይገጭ ጡረታ የወጣ ሰው ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ «ጋሽ ፍሬን» ይለዋል። እናቷ ከሞተች አምስት ዓመት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የመኪናዋ ድምፅ፣ የአባቷ ሬዲዮና የእሜቴ ሚያውታ ብቻ ነበር።

ሰውየው ከፊት ለፊታቸው ያለውን ክፍል የተከራየ አዲስ ጎረቤት ሆኖ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሦስት ነጭ ካፖርት ታቅፎ በሩን አንኳኳ።

«እህቴ፣ ይቅርታ። ቁልፎቻቸው ረግፈዋል። የምሠራው ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ከሰዓት ፈረቃ ነኝ። ያለ ቁልፍ ከገባሁ አለቃዬ ራሴን ይቀቅለኛል።»

«ይቀመጡ። ቁልፍ ለመትከል ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም።»

ተቀመጠ። መርፌው ጨርቁን እየወጋ ሲወጣ ሥራውን ጠየቀችው። ጥርስ ለሌላቸው፣ መዋጥ ላቃታቸው፣ አፋቸው ለቆሰለ ሰዎች የሚያበስለው እሱ ነው።

«ከባዱ ማብሰሉ አይደለም» አላት። «ከባዱ፣ መብላት ያስጠላውን ሰው አንድ ማንኪያ ማጉረስ ነው።»

የኋለኛው ክፍል ሬዲዮ በድንገት ዝም አለ። አባቷ ጆሮውን ሰጥቶ እያዳመጠ ነበር። እሷ ልብ አላለችውም። እሷ ልብ ያለችው፣ አብሳዩ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የማድረግ ልማድ እንዳለው ነበር።

ከዚያ በኋላ የማይበጠስ ቁልፍ ይበጠስ ጀመር። በሳምንት ሁለቴ ይመጣል። «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» «አንተ» ሆነ። እሜቴም ገና እግሩን ስትሰማ በሩ ሥር ተደፍታ ትጠብቀዋለች።

መርፌን ያስጠረጠራትም ይኸው ነው። ድመቷ የሰጠቻትን ማሽተት ተወች። የምትወደውን የድመት ምግብ በእግሯ እየጫረች ትሄዳለች። ስታቅፋት ደግሞ ከአፏ የሽንኩርት ሽታ ይመጣል።

«እሜቴ፣ ማን ቤት ነው የምትበዪው አንቺ?»

እሜቴ ዓይኗን ጨፈነች።

በአራተኛው ሳምንት ድመቷ ከአልጋ ሥር አልወጣም አለች። አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ ያስመልሳታል፤ ሽንቷ የጠቆረ ሻይ መስሏል። መርፌ የተጀመረ የሙሽራ ቀሚስ መኪናው ላይ ጥላ፣ ድመቷን በዘንቢል ይዛ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ሮጠች።

ሐኪሟ የእሜቴን ከንፈር ገለጥ አድርጋ አሳየቻት። ድዷ ወረቀት መስሎ ነጥቷል። ደም ወሰደች፣ በማጉያ መነጽር አየች፣ ከዚያ ጓንቷን አወለቀች።

«ሽንኩርት ነው። ለእኛ ቅመም ነው፤ ለድመት ግን ደሟን የሚያፈርስ መርዝ። ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ መረቅ ውስጥ ቢሟሟም ያው ነው። ደግሞ የአንድ ቀን ነገር አይመስለኝም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚሰጣት ሰው አለ።»

«እኔ ከምግቧ ሌላ ወተት ብቻ ነው የምሰጣት።»

«ወተቱንም ተዪው። ያደገች ድመት ሆዷ አይችለውም፤ ያስቀምጣታል። የሰው ማዕድ ስለጣማት ተስማማት ማለት አይደለም።» ሐኪሟ ወረቀት ላይ እየጻፈች ቀና አለች። «ቤት ውስጥ ማነው የሚያበላት?»

ቤት ውስጥ? አባቷ ምሳውን የሚበላው በኋለኛው ክፍል ብቻውን ነው። እሷ ሽንኩርት ሳታበዛ ማብሰል አትችልም፤ እሱም ያለ ሽንኩርት አይወድም። ግን ሳህኑ ሁልጊዜ ጥርግ ብሎ ነው የሚመለሰው! እንጥፍጣፊ አይተርፈውም። ታዲያ ሌላ ማን አለ? ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት የሚከትፍ ማን አለ? ደረጃ ላይ ተንበርክኮ ያገኘችው ማን ነበር?

መንገዱን ሁሉ ደሟ ሲፈላ መጣ። ፎቁ ላይ ስትደርስ አብሳዩ በሩን ቆልፎ ወደ ሥራ ሊወጣ ነበር።

«አንተ ሰውዬ! ድመቴን መረዝካት!»

ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። የታችኛው ፎቅ በር ተከፈተ፤ አከራያቸው እትዬ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወጡ። ሁለት ጎረቤቶች አንገታቸውን አሰገጉ።

«እኔ? ምን አድርጌ?»

«ሽንኩርት! በየቀኑ! ሐኪሟ በዓይኗ አይታ ነው የነገረችኝ!»

«እኔ ሽንኩርት ሰጥቻት አላውቅም» አለ በዝግታ።

«ታዲያ ማን ሰጣት? አባቴ?»

በምሬት ሳቀች። አብሳዩ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየ። አባቷ በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሁለቱ ወንዶች ተያዩ። አብሳዩ አፉን ከፈተ... መልሶም ዘጋው።

«ድመቷ ትድናለች?» ብቻ አለ።

«ምን አገባህ! ተናገር እንጂ! ንጹሕ ሰው እንደዚህ ይሆናል?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለና ቁልፉን አንስቶ ደረጃውን ወረደ።

እትዬ ከኋላው ጮኹ። «እኔ ቤት መርዘኛ አላኖርም! የወሩ መጨረሻ ላይ ክፍሌን ልቀቅልኝ! ደግሞ የበሽተኛ ምግብ አብሳይ ነኝ ይላል፣ እግዚኦ!»

መርፌ አሸነፈች። ታዲያ ለምንድነው ቤት ገብታ ያለቀሰችው?

ሦስት ቀን አለፈ። እሜቴን ከስፌት መኪናው አጠገብ ሳጥን ውስጥ አድርጋ በር ዘጋችባት። በእነዚያ ሦስት ቀናት ግን አንድ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ። የአባቷ ሳህን ሙሉውን ተመለሰ።

«አባዬ፣ አልበላህም እኮ።»

«ድዴ ነው፣ ልጄ። ድዴን ያመኛል።»

«ትናንትም ድድህ ነበር።»

«ድድ እንደሁ በአንድ ቀን አይለቅ!»

ሱሪውን ለማጠብ ስታነሳ እጇ ወገቡ ላይ ቆመ። ይህንን ሱሪ ሁለት ጊዜ አጥብባዋለች። በሁለት ወር ውስጥ፣ ሁለት ጊዜ፣ በገዛ እጇ! የሌላውን ሰው ወገብ በሚሊሜትር የምትለካ ሴት፣ የአባቷ ሲሟሽሽ «ሽምግልና ነው» ብላ ሰፍታ አለፈች።

በማግስቱ ረፋድ መኪናዋን አቁማ ክር ስትቀይር የኋለኛው ክፍል ወደ ኮሪደሩ የሚያወጣው በር ሲጥ ሲል ሰማች። ኮቴ። ከዚያ ፊት ለፊት ያለው በር ተከፍቶ ተዘጋ።

አባቷ? መርዘኛው ቤት?

ይህ ሰው አባቷን ምን ይዞበት ነው? ምን ቢያውቅበት ነው ሽማግሌ በድብቅ የሚያመላልሰው? ጫማዋን አውልቃ ኮሪደሩን በእግር ጣቷ ተሻገረችና ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

«ዛሬ ዓርብ ነው፣ አባባ። የተስማማነው እስከ ዛሬ ነበር።»

«አንድ ሳምንት ጨምርልኝ፣ ልጄ።»

«ሦስት ሳምንት ጨመርኩልዎ! ከዚህ በላይ ዝም ካልኩ ነፍስ ማጥፋት ነው። ዛሬ ወይ እርስዎ ይነግሯታል፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ። ቢረግሙኝም ይርገሙኝ።»

በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

አባቷ ትንሿ ጠረጴዛ ጋ አንገቱ ሥር ፎጣ አስሮ ተቀምጧል። ፊቱ ያለው የተጣራ ቀጭን ሾርባ ነው፤ እንደ ውሃ የቀጠነ። ማንኪያውን አፉ ውስጥ ከቶ ነበር። ሲውጥ የአንገቱ ሥር ተገታተረ፤ ዓይኑን ጨመቀ፤ በውሃ አወራረደው። እንባ በጉንጩ ወረደ። የለቅሶ እንባ አልነበረም፤ የትግል ነበር።

«አባዬ... ምን ሆነህ ነው?»

ማንኪያው ከእጁ ወደቀ።

«አይወርድልኝም፣ ልጄ» አለ። «ሁለት ወር ሆነኝ። ዳቦ የለ፣ ሥጋ የለ፣ እዚህ ላይ ይቆማል።» ደረቱን በጣቱ ነካ።

«ሳህንህ ባዶ ይመጣ ነበር እኮ!»

«እሜቴ ናት። እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ሽቅብ ታየኛለች። አንቺ እንዳትጠረጥሪ ብዬ ለሷ ሰጠኋት። እንደሚጎዳት አላወቅኩም... በፈጠረሽ አላወቅኩም!»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እናትሽን እንዲህ ነው የጀመራት።»

መርፌ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። እናቷ የሞተችው በጉሮሮ ካንሰር ነበር።

«ሦስት ዓመት አስታመምሻት» አለ አባቷ። «ያጨሽ ልጅ ጠብቆ ጠብቆ ሄደ። አላማረርሽም። እኔ ግን ማታ ማታ ስታለቅሺ እሰማሽ ነበር። አሁን ደግሞ እኔ ልተኛና ቀሪ ዕድሜሽን ልብላው? ከዚያ ሳትሰሚ ብሄድ ይሻላል አልኩ።»

ተነሥታ ራሱን ደረቷ ላይ አስጠጋችና አቀፈችው። አጥንቱ በሸሚዙ ላይ ተሰማት። ከዚያ በእንባዋ ውስጥ ወደ አብሳዩ ዞረች።

«አንተስ? ታውቅ ነበር!»

«አውቅ ነበር። በሥራዬ የማየው ነገር ነው። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ውሃ ሲያንቃቸው አየሁና ጠየቅኳቸው። ለሷ ከተናገርክ ሐኪም ቤት አልረግጥም ብለው አስማሉኝ። ለድመቷ እንደሚሰጡ ግን ያወቅኩት የዚያን ቀን፣ አንቺ ስትጮሂብኝ ነው። ፊታቸውን ሳየው ገባኝ።»

«በሰው ፊት ሳዋርድህ ዝም ትላለህ?»

«ብናገር እሳቸውን ነው የማዋርደው። ደግሞ... ፈራሁ። እምቢ ብለው እንዳይቀሩ ፈራሁ።»

«ሦስት ሳምንት! ሐኪም ማየት የነበረበት ሰው ሦስት ሳምንት ሾርባ ሰጥተህ አስቀመጥከው! ድመቴን መርዘሃል ብዬ በሐሰት ከስሼህ ነበር። አሁን ግን በእውነት እከስሃለሁ!»

ራሱን አቀረቀረ። «ልክ ነሽ» አለ።

«ልክ ነሽ» ባይላት ይሻላት ነበር። ቢከራከራት ትጠላው ነበር።

ያንኑ ዕለት አባቷን ደግፋ ወጣች።

«የምሠራበት ሆስፒታል ነው» አለ አብሳዩ ከኋላ። «በየት እንደሚገባ አሳያችኋለሁ።»

«መንገዱን ንገረኝ። አትከተለን።»

አባቷ ተኛ። በቀጭን ቱቦ ካሜራ አስገብተው አዩት፤ ናሙና ወሰዱ፤ ውጤቱ ዘጠኝ ቀን ይፈጃል አሏት። ዘጠኝ ቀን! መርፌ ቀን ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የደንበኛ ጠርዝ በእጇ ትሰፋለች። ግድግዳው፣ የመድኃኒቱ ሽታ፣ የጋሪው ድምፅ፣ ሁሉም የእናቷን ጊዜ አስታወሳት።

በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ አንዲት ነርስ ትሪ ይዛ ትመጣለች። የተጣራ ሾርባ፣ ልዝብ ያለ የድንች ፍትፍት፣ አንዳንዴም የተፈጨ ፍራፍሬ። መርፌ መጀመሪያ ቀን አሸተተችው። በማንኪያ ቀመሰችው። መጠርጠር አንዴ ከገባ ቶሎ አይወጣም።

«የሁሉም በሽተኛ እንደዚህ ነው?» ብላ ነርሷን ጠየቀቻት።

«ኧረ የለም። ይህንን አብሳዩ ነው ሦስት ጊዜ በጨርቅ የሚያጣራው። ፈረቃው ሳይደርስ በጠዋት እየመጣ። ዘመድ ነው መሰለኝ?»

መርፌ ማንኪያውን ሞልታ አባቷን አጎረሰችው።

በመሃል፣ አባቷ ሲተኛ እንስሳት ሐኪሟ ዘንድ የተወቻትን እሜቴን ልታይ ሄደች። ድዷ መቅላት ጀምሯል፤ ጎረቤት ውሻ ሲጮህ ፀጉሯን መንፋት ችላለች።

«ዶክተር፣ የተቀቀለ ዶሮስ ይጎዳታል?»

«ጨው፣ ሽንኩርትና አጥንት ከሌለው፣ በልኩ ከሆነ ምንም አይላትም። ማነው የሚሰጣት?»

«አንድ ሰው» አለች መርፌ።

በዘጠነኛው ቀን ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ መጣ። መርፌ የአባቷን እጅ ጨበጠች።

«ካንሰር አይደለም» አለ ሐኪሙ። «የጨጓራው አሲድ ለዓመታት ወደ ላይ እየወጣ የምግብ ቧንቧውን አቁስሎታል፤ ጠባሳው አጥብቦታል። እናሰፋዋለን። ምናልባት ሁለት ሦስቴ ይመላለሳል። ግን ይበላል።»

ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ የጨበጠው ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ። መርፌ ግንባሩን ሳመችው። ከዚያ ወረቀቱን ከሐኪሙ እጅ ነጠቅ አድርጋ ወጣች፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።

ወጥ ቤቱ ምድር ቤት ነው። ሰው የሚያህሉ ድስቶች በእንፋሎት ተሸፍነዋል። ግድግዳው ላይ የየክፍሉ ቁጥር የተጻፈባቸው ትሪዎች ተደርድረዋል። አብሳዩ በሁለት እጁ ጨርቅ እየጨመቀ ሾርባ ሲያጣራ ነበር። ሲያያት ቀለሙ ጠፋ።

«ምን... ምን አሉ?»

«አይደለም» አለችው።

«ምኑ አይደለም?»

«ካንሰር አይደለም! ይድናል! ይበላል!»

ጨርቁን ለቀቀው። ሾርባው ገንዳው ውስጥ ፈሰሰ። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዶ የድንች ጆንያ ላይ ዘፍ አለ፤ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። የሥራ ጓደኞቹ ዘወር አሉ።

መርፌ ቆማ አየችው። ሰው ለማስመሰል እንደዚህ አያለቅስም። ልቧ ውስጥ የነበረችው የመጨረሻዋ የጥርጣሬ ጥርስ ያኔ ወለቀች።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው እያልኩ ነው የሰነበትኩት» አለ። «ዘጠኝ ሌሊት። ያ ሦስት ሳምንት...»

ጆንያው ላይ ከጎኑ ተቀመጠች።

«አጥፍተሃል» አለችው። «እኔም አጥፍቻለሁ። አባዬም አጥፍቷል። ያላጠፋችው ድመቷ ብቻ ናት።»

በእንባው መሃል ሳቀ። እጇን እጁ ላይ አደረገች። ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፤ ግድ አልሰጣትም።

የወሩ መጨረሻ ሲደርስ መርፌ ጎረቤቱን ሁሉ ደረጃው ላይ ጠራች። እትዬን፣ ያን ዕለት አንገታቸውን ያሰገጉትንም ጭምር።

«የዚያን ቀን በዚህ ሰው ላይ የተናገርኩት ውሸት ነው» አለች ጮክ ብላ። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል። «ድመቴን አልመረዛትም። ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ የምጠይቀውም እዚሁ ነው።»

አባቷ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ያበላኋት እኔ ነኝ። ልጄ አላወቀችም፤ እሱም ገበናዬን ሸፍኖልኝ ነው ዝም ያለው።»

እትዬ አፈሩ። ግን ክፍሉን ለሌላ ሰው ቃል ገብተው ነበርና አብሳዩ ዕቃውን ጠቅልሎ ሁለት መንገድ አልፎ ያለ ጠባብ ክፍል ገባ። መርፌ ፍራሹን በአንድ ጫፍ ይዛ ተሸከመችለት።

ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ጠዋት ጠዋት ተገናኙ። አንዳንዴ ስፌቷ ጋ ይቀመጣል፤ አንዳንዴ እሷ የእሱን መንገድ ታቋርጣለች። አባቷ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ቧንቧው ሰፍቶለት፣ ዳቦ መግመጥ ጀመረ። እሜቴ ወፈረች፤ የሰው ማዕድ ላይ ዓይኗን ብትጥልም የሚሰማት የለም።

አንድ እሑድ ጠዋት አብሳዩ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ አይገባም፣ አይሄድም።

«ምነው?»

«ልጠይቅሽ የምፈራው ነገር አለ።»

«ብትፈራም ተናገር። ዝም ማለት ተከልክሏል።»

«አግቢኝ።»

መርፌ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። ከኋለኛው ክፍል ሬዲዮው ዝም አለ።

«አንድ ነገር ማልልኝ» አለችው። «ክፉ ነገር ባወቅህ ቀን፣ የማንም ይሁን የማን፣ ለኔ አዝነህ እንዳትደብቀኝ። እኔ የምሰበረው በእውነት አይደለም።»

«እምላለሁ። አሁኑኑ ልጀምር?»

«ጀምር።»

«እናቴ ለሠርጉ ትመጣለች። ምላሷ ካንቺ ይብሳል።»

መርፌ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ለቅሶ ሄደ፤ ከለቅሶ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። «እሺ» አለችው። «እሺ፣ አገባሃለሁ!»

ከኋለኛው ክፍል አንድ ድምፅ ተሰማ።

«ሰባት ወር ሙሉ ፍሬን ይዛችሁ ቆይታችሁ! በሉ ነዱት እንግዲህ!»

በሚቀጥለው ወር ተጋቡ፤ አብሳዩም ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ እነ መርፌ ቤት ገባ። አማቷ መጡ፤ ምላሳቸውም እንደተባለው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው አብሳዩን ሲያሙ ተገኙ።

ዛሬም ሲጣሉ ጮክ ብለው ነው። «ለምን አልነገርከኝም?» «አሁን እየነገርኩሽ አይደል!» የሚለው እስከ ታችኛው ፎቅ ይሰማል። እትዬም አልጋቸው ላይ ሆነው ያዳምጡና «ሰላም ናቸው» ብለው ይተኛሉ። ድምፃቸው የጠፋ ቀን ነው የሚጨነቁት።